ስለ መኳንንት ጠባይ፤ በልጆች ጨዋታና በወለጋ ታሪክ

የሰው መልክ በአንድ ቀን ይታወቃል፤ ጠባዩ ግን አብሮ በመኖር፣ በማግኘትና በማጣት ጊዜ ካልታየ በቀር አይገለጥም። ይልቁንም በከፍተኛ ማዕርግ ላይ የተቀመጠ ሰው ጠባዩን ለመረዳት እጅግ ያስቸግራል። በፊቱ የሚቆመው ሁሉ ደስ የሚያሰኘውን ቃል እየመረጠ ይናገራል፤ እርሱም በበኩሉ ለማዕርጉ የሚስማማውን ፊት ለብሶ ይቀመጣል። ስለዚህ የመኳንንትን ጠባይ መርምሮ ማወቅ ከጥንት ጀምሮ እንደ አንድ ትልቅ ትምህርት ሲቈጠር የኖረ ነገር ነው። ዛሬም በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ይህ ትምህርት ለልጆች እንዴት ሊሰጥ እንደሚገባ ጥቂት ቃል ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለማቅረብ አስበናል።

ለዚህ አሳብ መነሻ የሆነን ልጆች በኮምፒዩተርና በፕሌይስቴሽን የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ ነው። ስሙ ማውንት ኤንድ ብሌድ ይባላል፤ ይህም ፈረስና ሰይፍ እንደ ማለት ነው። በቱርክ አገር በአንካራ ከተማ አርማጋን ያቩዝ ከባለቤታቸው ከኢፔክ ያቩዝ ጋራ ጀምረውት፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ዓመት ወጣ። ዋርባንድ የሚባለው ክፍል በ2010፣ ባነርሎርድ የሚባለው ደግሞ በ2020 ለሙከራ፣ በ2022 ተሟልቶ ቀረበ። ባልና ሚስት በቤታቸው የጀመሩት ሥራ ዓለምን መዞሩ ራሱ ለቤተ ሰብ የሚነገር ምሳሌ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአገራችን አቈጣጠር ናቸው።)

ጨዋታው በልብ ወለድ አገር፣ ካልራዲያ በሚባል ምድር የሚደረግ ነው። ዘመኑም ባሩድና ጠመንጃ ያልታወቀበት፣ ጦርና ጋሻ፣ ፈረስና ቀስት ብቻ የነበረበት ዘመን ነው። ተጫዋቹ ራሱን እንደ አንድ ድኻ ወታደር አድርጎ ይጀምርና ጭፍራ ሰብስቦ፣ ለአንድ ንጉሥ አድሮ፣ ርስትና ጕልት ተቀብሎ፣ ጋብቻ አድርጎ ከመኳንንቱ ተራ ይገባል። እስከዚህ ድረስ የጦርነት ጨዋታ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ጨዋታውን በሚገባ ያወቀ ልጅ ቶሎ የሚረዳው ነገር አለ፤ ይኸውም ሰይፍ ብቻውን ከተራ ወታደርነት እንደማያወጣውና የመኳንንቱን ጠባይ ለይቶ ካላወቀ ወዳጅ እንደማያገኝ ነው።

በባነርሎርድ እያንዳንዱ መኰንን በ5 ነገር ይመዘናል፤ እነዚህም ርኅራኄ፣ ጀግንነት፣ ቃል አክባሪነት፣ ለጋስነትና አስቀድሞ ማሰላሰል ናቸው። መለኪያውም ከመካከል ተነሥቶ ወደ ላይ 2 ደረጃ፣ ወደ ታችም 2 ደረጃ ይሄዳል። ከላይ ያለው ሩኅሩኅ ሲባል ከታች ያለው ጨካኝ ነው፤ ከላይ ያለው ለጋስ ሲባል ከታች ያለው ንፉግ ነው። ተጫዋቹ ከሌላ ወገን ያለውን መኰንን ወደ ራሱ ለማስገባት ወይም ጋብቻ ለመለመን በፈለገ ጊዜ ልዩ ልዩ ቃል ይቀርብለታል፤ ከዚያ ውስጥ ለሰውየው ጠባይ የሚስማማውን መምረጥ አለበት። ቃል አክባሪ ለሆነው ስለ እውነትና ስለ መብት ቢነግረው ይሰማዋል፤ ሁሉን በስሌት ለሚያየው ግን ጥቅሙን ካላሳየው በከንቱ ይደክማል። ከዚህም ሌላ የተጫዋቹ የራሱ ሥራ ይቈጠርበታል፤ መንደር የዘረፈ ርኅራኄው እየቀነሰ ይሄዳል፤ የማረከውን መኰንን የገደለ ደግሞ ከሟቹ ዘመዶችና ወዳጆች ሁሉ ጠላትነት ያተርፋል።

በፊተኛው በዋርባንድም ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። መኳንንቱ በ7 ዓይነት ጠባይ ተከፍለው ነበር፤ ቅን፣ ደግ፣ የጦርነት ሰው፣ ራሱን ጻድቅ አድርጎ የሚቈጥር፣ ተንኰለኛ፣ ጠበኛና በተድላ የተበላሸ። ጠባያቸው የማይጣጣም ሁለት መኳንንት በአንድ ንጉሥ ሥር ቢያድሩም እርስ በርሳቸው ይቀያየማሉ። የመኳንንቱ ሴቶች ልጆችም እንደየጠባያቸው ይለያያሉ፤ ተጫዋቹ በየመሸታው ቤት ከሚያገኛቸው ገጣሚዎች ግጥም ተምሮ ለወደዳት ይነግራታል፤ አንዲቱን ያስደሰተ ግጥም ሌላይቱን ያሰለቻታል። በአገራችን ለጌታው የሚስማማውን ቅኔ ያላወቀ አዝማሪ ሽልማት ሳያገኝ ይመለስ እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

እንግዲህ ወላጆች «ልጄ በዚህ ጨዋታ ምን ይማራል?» ብለው ቢጠይቁ፣ መልሳችን ጥሩም መጥፎም ይማራል የሚል ነው። ጥሩው፣ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነና ከመናገር አስቀድሞ የሚናገሩትን ሰው ማወቅ እንደሚገባ መማሩ ነው። መጥፎው ግን የሰው ጠባይ በግንባሩ ላይ እንደ ማኅተም ተለጥፎ የሚገኝ እንዲመስለው መሆኑ ነው። በጨዋታው ልጁ የመኰንኑን ስም ሲከፍት ጠባዩ ተጽፎ ያገኘዋል፤ ከዚያ በኋላ ሥራውን ሁሉ በተጻፈው ይተረጕመዋል። በእውነተኛው ዓለም ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ አስቀድሞ የሚታየው ሥራው ነው፤ ጠባዩም ከብዙ ሥራ ተለቅሞ ይታወቃል፤ ያም ቢሆን ተሟልቶ አይታወቅም።

አባቶቻችንም የጠባይን ስም ያውቁ ነበር። የመኳንንት የፈረስ ስም ምን እንደ ሆነ እናስታውስ። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ ጐበና ዳጬ አባ ጥጉ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር። እያንዳንዱ ስም ጌታው ሊታወቅበት የሚወደውን ጠባይ የሚያስረዳ ነው፤ አንዱ ትጥቁን፣ አንዱ ዳኝነቱን፣ አንዱ ብልኀቱን ያስጠራበታል። ነገር ግን የፈረስ ስም ሰው ሊሆን የሚመኘውን ይነግረናል እንጂ የሆነውን ሁሉ አይነግረንም። ይህንንም አባቶቻችን ስላወቁ ሰውን በፎከረበት ቃል ብቻ አይመዝኑትም ነበር።

የሰንጠረዥ ጨዋታም ከዚሁ ወገን ነው። በአገራችን ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ወረራ የሚባል ክፍል ነበረ፤ በዚያን ጊዜ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ አንዱ የሌላውን ወታደር እስኪወስድ ድረስ ጦራቸውን በአንድነት ያሰልፋሉ። አስተዋይ ተመልካች ከዚህ ብቻ ማን ችኩል፣ ማን ታጋሽ፣ ማን የሌላውን እጅ እያየ የሚሠራ እንደ ሆነ ሊለይ ይችል ነበር። እንግዲህ በጨዋታ ጠባይን መመርመር ለቤታችን አዲስ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ከካልራዲያ ወደ ራሳችን ምድር፣ ወደ ወለጋ እንመለስ። በሆሮ ጉዱሩ እምባቦ የሚባል ስፍራ አለ። በዚያ ስፍራ በ1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተዋጉ። ምክንያቱም ከዓባይ ወዲህ ያለውን የወርቁን፣ የዝሆን ጥርሱንና የቡናውን ምድር ሁለቱም ይፈልጉት ስለ ነበረ ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከአንድ ዓመት በፊት በዐፄ ዮሐንስ እጅ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ደፍተው ነበር። በውጊያው የራስ ጐበና ፈረሰኞች ብርቱ ሥራ ሠሩ፤ ድሉም የሸዋ ሆነ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቈስለው ተማረኩ።

ልጅ በጨዋታው እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ 3 መንገድ ይቀርብለታል፤ ምርኮኛውን መፍታት፣ ማሰር ወይም መግደል። በእምባቦ የሆነው ይህ ነው፤ ንጉሥ ምኒልክ ምርኮኛቸውን በንጉሥነት ክብር ያዙ፤ ቍስላቸውንም አስታመሙላቸው፤ በኋላም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወደ ጎጃም ተመለሱ። ከ14 ዓመት በኋላ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦር ሜዳ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጭፍራቸውን ይዘው ከዐፄ ምኒልክ ጋራ ተሰለፉ። በእምባቦ ምርኮኛው ተዋርዶ ወይም ሞቶ ቢሆን ኖሮ የጎጃም ሰልፍ በዐድዋ እንዴት ይሆን እንደ ነበር አንባቢው ራሱ ያስብበት።

ታዲያ ይህ ሥራ ርኅራኄ ነውን ወይስ ስሌት? ጨዋታው ከሁለቱ ለአንዱ ነጥብ ይሰጥ ይሆናል። እኛ ግን ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ምኒልክ በልጅነታቸው በ1848 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው እስከ 1857 ዓ.ም. ድረስ በግዞት ኖረዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ እንደ ልጅ አሳደጓቸው፤ ልጃቸውንም አጋቧቸው፤ ነገር ግን ነጻ አልለቀቋቸውም። ከመቅደላ አምልጠው ወሎ በገቡ ጊዜ የወሎዋ እመቤት ወርቂት ተቀበለቻቸው፤ የገዛ ልጇ በቴዎድሮስ እጅ ስለ ነበረ፣ ምኒልክን መልሳ ብትሰጥ ልጇን ለማትረፍ ትችል ነበር። እርስዋ ግን እንግዳዋን አሳለፈች፤ ልጇም ተገደለባት። በሌላ ሰው ልጅ ደም የተረፈ ሰው፣ ራሱ በተራው ምርኮኛ በእጁ ሲገባ ያንን ሳያስታውስ ይቀራል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። እንዲሁም ደግሞ ብልኅ ንጉሥ የጎጃምን ወዳጅነት ዋጋ አያውቅም ማለት አይቻልም። ርኅራኄና ማሰላሰል በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሰውን ሰው የሚያሰኘውም ይህ ነው።

ነገር ግን ከዚህ በኋላ ለልጃችን «ምኒልክ ሩኅሩኅ ነበሩ» ብለን አንዲት ቃል ሰጥተን ብንሄድ ደግሞ እውነቱን አላስተማርነውም። በዐድዋ የተማረኩት ኢጣልያኖች በመልካም ሲያዙ፣ ከኢጣልያ ጋራ ተሰልፈው የተማረኩት የአገር ልጆች አስካሪዎች ግን እንደ ከዳተኛ ተቈጥረው የብዙዎቹ እጅና እግር ተቈርጧል። ንጉሡ ያው አንድ ናቸው፤ ዘመኑም አንድ ነው። እንግዲህ ማንን ምርኮኛ፣ ማንን ከዳተኛ ብለው እንደ ሰየሙ ካላወቅን የጠባያቸውን መጠን ልናውቅ አንችልም። ርኅራኄ ለሁሉ እኩል የሚፈስ ውኃ አይደለምና።

ይህን ሁሉ የምንናገርበት ምክንያት አለን። ዛሬ በወለጋም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል የቀድሞ መኳንንት ስም በየቤቱ ይነሣል፤ ሲነሣም ብዙ ጊዜ በአንዲት ቃል ታስሮ ነው። የራስ ጐበና ስም ዋናው ምሳሌ ነው። በአንዱ ቤት ጐበና አገር ያቀና ጀግና ናቸው፤ በሌላው ቤት ደግሞ ስማቸው ወገኑን አሳልፎ የሰጠ ሰው መጠሪያ ሆኗል። ልጆች ትምህርት ቤት ተገናኝተው አንዱ «ጀግና»፣ ሌላው «ከዳተኛ» ሲል ይጣላሉ፤ ሁለቱም ግን ጐበና ምን እንደ ሠሩ፣ የት እንደ ተወለዱ፣ ከማን ጋራ እንደ ተዋጉ ብትጠይቋቸው አይመልሱም። ከእጃቸው ያለው የጠባይ ማኅተም ብቻ ነው። ይህ በካልራዲያ ቢሆን ጨዋታ ነው፤ በነቀምቴና በሻምቡ ሲሆን ግን ጎረቤትን ከጎረቤት የሚለይ ነገር ነው።

ስለዚህ በወለጋ ቤተ ሰብ ዘንድ ሊነገር የሚገባውን የሞረዳ በከሬን ታሪክ እንመልከት። የሌቃ ነቀምቴው ገዥ ሞረዳ ከእምባቦ በፊት ለጎጃም ይገብሩ ነበር። ከእምባቦ በኋላ የኃይሉን ሚዛን አይተው ያለ ጦርነት ለሸዋ ገቡ፤ የደጃዝማችነት ማዕርግም ተቀበሉ። በ1881 ዓ.ም. የማህዲስቶች ጦር ከሱዳን በኩል በመጣ ጊዜ በጉቴ ዲሊ በተደረገው ውጊያ ከራስ ጐበና ወገን ተሰለፉ። በዚህ ስምምነት ምክንያት የሌቃ ነቀምቴ አገር ግብር እየከፈለ በገዛ ባላባቱ እጅ ቈየ፤ የበከሬም ቤት እስከ ልጅና የልጅ ልጅ ድረስ ገዛ። በሌቃ ቄለም ደጃዝማች ጆቴ ቱሉም በሰላም ገብተው ነበር፤ ነገር ግን ከመሃል መንግሥት ጋራ መስማማታቸው አልጸናምና በኋላ ሥልጣኑ ከእጃቸው ወጣ።

ጨዋታው ሞረዳን «አስቀድሞ የሚያሰላስል፣ 2 ደረጃ» ብሎ ይጽፋቸው ነበር፤ ይህም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ይህ ማሰላሰል የብዙ ሰው ቤት ሳይቃጠል እንዲቀር ማድረጉን፣ ደግሞም የወርቁንና የዝሆን ጥርሱን ግብር በየዓመቱ የሚሸከመው ገበሬው መሆኑን ያ ቍጥር አይናገርም። ጥበብ ነው ያለ ሰው ዋጋውን ማን እንደ ከፈለ ይጠይቅ፤ ፍርሀት ነው ያለም ሰው ምን ያህል ሕይወት እንደ ተረፈ ይጠይቅ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያይ ልጅ ነው ሰውን ማወቅ የጀመረ።

የሞረዳ ልጅ ኩምሳ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጡናል። ኩምሳ ክርስትና ሲነሡ ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ዐፄ ምኒልክ ነበሩ። እንዲህ ባለ ማሰሪያ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራና ከቤተ ክርስቲያን ጋራ የተሳሰሩት ደጃዝማች፣ በ1896 ዓ.ም. ኦነሲሞስ ነሲብ ነቀምቴ በደረሱ ጊዜ በክብር ተቀበሏቸው። ኦነሲሞስ በልጅነታቸው ተሰርቀው ለባርነት የተሸጡ፣ በምጽዋ ነጻ የወጡ፣ በስዊድን ሚሲዮን የተማሩ ሰው ናቸው፤ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሰው በ1891 ዓ.ም. አሳትመዋል። በነቀምቴ በኦሮምኛ ማስተማራቸው ግን ከአገሩ ካህናት ጋራ አጣላቸው፤ በ1898 ዓ.ም. ተከስሰው በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። እንዲሰደዱ ቢፈረድባቸውም ዐፄ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ፣ ነገር ግን እንዳይሰብኩ አዘዙ። ኦነሲሞስም ተመልሰው በነቀምቴ ትምህርት ቤት ማስተማራቸውን ቀጠሉ፤ በ1908 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን እንዲያስተምሩ ፈቀዱላቸው፤ በ1923 ዓ.ም. በዚያው በነቀምቴ አረፉ።

ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔርን ከ5ቱ የትኛው ቃል ይገልጻቸዋል? እንግዳ በመቀበላቸው ለጋስ እንበላቸውን? ወይስ ትምህርት ለአገራቸው የሚያመጣውን ጥቅም ስላዩ አሰላሳይ? እኛ እንደሚመስለን ጨዋታው የማያሳየው አንድ ነገር እዚህ ላይ ይገለጣል። ደጃዝማቹ ብቻቸውን የቆሙ ሰው አልነበሩም። ከበላያቸው የክርስትና አባታቸው የሆኑት ንጉሠ ነገሥትና የጳጳሱ ሥልጣን አለ፤ ከጎናቸው የአገሩ ካህናት አሉ፤ ከበታቻቸው በቋንቋው መማር የሚፈልግ ሕዝብ አለ። መኰንን ማለት በእነዚህ ሁሉ መካከል የሚሄድ ሰው ነው። ጠባዩም የሚታወቀው በመካከላቸው ሲሄድ በየትኛው ላይ እንዳልረገጠ በማየት ነው።

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን ወላጆች ከልጆቻቸው ጋራ ሲቀመጡ ሊጠይቋቸው የሚገቡ 3 ጥያቄዎችን እናቀርባለን። የመጀመሪያው፦ ይህ መኰንን ደካማ ሰው በእጁ በወደቀ ጊዜ ምን አደረገ? ሁለተኛው፦ ከበላዩ ማን ነበረ፣ ከበታቹስ ማን ነበረ? ሦስተኛው፦ ለሠራው ሥራ ዋጋውን የከፈለ ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በካልራዲያ ላሉት መኳንንትም፣ በወለጋ ለነበሩትም፣ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ላለን ሰዎችም እኩል ይሠራሉ።

በተግባርም እንዲህ ማድረግ ይቻላል። ልጁ ጨዋታውን በሚጫወትበት ሰዓት አባት ወይም እናት ለጥቂት ጊዜ ከጎኑ ይቀመጡ። «ተው!» ብሎ ከመጮኽ ይልቅ «ይህን ሰው ለምን ፈታኸው? ያኛውን ለምን አሰርኸው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ልጁ «ወዳጅነቱ ስለሚጠቅመኝ ነው» ቢል አይቈጡት፤ «ባይጠቅምህስ ኖሮ?» ብላችሁ ጠይቁት። በዚህች አንዲት ጥያቄ ውስጥ የምግባር ትምህርት ሁሉ አለ። የጨዋታው ሰዓትም የተወሰነ ይሁን፤ ትምህርትና እንቅልፍ ከሁሉ ይቀድማሉ፤ በሌሊት በመብራት ፊት የሚያፈጥ ልጅ በማለዳ ለመምህሩ ጆሮ አይኖረውምና።

በነቀምቴ ከተማ ያላችሁ፣ ወይም ከጊምቢ፣ ከነጆ፣ ከሻምቡና ከደምቢ ዶሎ ለጕዳይ ወደ ነቀምቴ የምትመጡ ወላጆች፣ የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት በዚያው እንደሚገኝ አትርሱ፤ የወለጋ ሙዚየምም በከተማው ውስጥ ነው። ልጅ በሥዕል ካየው ግንብ ይልቅ በእግሩ የረገጠው ደጃፍ ይበልጥ ያስተምረዋል። በዚያ ደጃፍ ግብር የያዘ ገበሬ፣ አቤቱታ የያዘች መበለት፣ ደብዳቤ የያዘ መልእክተኛ ቆመው ይጠብቁ እንደ ነበር ንገሩት። ከዚያም በቤት ያሉትን አያቶች በሚያውቁት ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ ስለ ቀድሞ ሹማምንት የሰሙትን እንዲያወሩለት አድርጉ። ሽማግሌ ሲያወራ «እገሌ ጨካኝ ነበር» ብሎ ቢያልፍ፣ ልጁ «ምን አደረገ?» ብሎ በትሕትና እንዲጠይቅ አስለምዱት። ይህ ጥያቄ ሽማግሌውን አያስቀይምም፤ እንዲያውም የተረሳውን ታሪክ ያስታውሰዋል።

በመጨረሻም ለራሳችን፣ በመንግሥት ሥራ ላይ ላለን ሰዎችና የቀድሞ ባላባቶች ዘሮች ለሆንን አንድ ቃል እንጨምራለን። የመኳንንት ማዕርግ በ1967 ዓ.ም. ከተሻረ ወዲህ የፈረስ ስም የሚያስጠራ ሹም የለም፤ ጭሰኛና ጕልተኛም የለም። ነገር ግን የአንድ ሰው ጕዳይ በሌላ ሰው እጅ መውደቁ አልቀረም። በዛሬው ዘመን በእጃችን የገባው ምርኮኛ ማን ነው ቢባል፣ ፋይሉን ይዞ ከማለዳ ጀምሮ በደጃፋችን የቆመው ባለ ጕዳይ ነው። ፊርማችንን የሚጠብቀው እርሱ ነው፤ ብናመላልሰው ሊከስሰን አይደፍርም፤ ብናስተናግደውም ምናልባት ዳግመኛ አናገኘውም። ስለዚህ ጠባያችን በትክክል የሚመዘነው በእርሱ ዘንድ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት በየቤቱ ሲነገር ይሰማል። ልጆችም ይሰሙታል። ይህን ተረት በሳቅ የሚሰማ ልጅ ወንበርን እንደ ማዕድ ማየት ይማራል፤ በጨዋታው ላይ ስለ ለጋስነትና ስለ ቃል አክባሪነት ቢያነብብም፣ የቤቱን ነገር የሚያምን የቤቱን ነው። ልጆቻችን የካልራዲያን መኳንንት ጠባይ ከመዝገብ ያነብባሉ፤ የእኛን ጠባይ ግን ማታ ከሥራ ስንገባ ስለ ባለ ጕዳይ፣ ስለ ሹፌራችን፣ ስለ ቤት ሠራተኛችን ከምንናገረው ቃል ይለቅማሉ። የለቀሙትንም አይረሱትም።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፣ ልጅን ሰውን ማወቅ ማስተማር የምንችለው ሰው በአንዲት ቃል የማያልቅ መሆኑን በነገርነው መጠን ነው። ሞረዳም፣ ኩምሳም፣ ጐበናም፣ ምኒልክም፣ ተክለ ሃይማኖትም፣ እመቤት ወርቂትም የጠባይ ማኅተም ሳይሆኑ፣ ከብዙ መንገድ አንዱን መምረጥ የግድ የሆነባቸው ሰዎች ነበሩ። ይህን የተረዳ ልጅ ለሞቱት በእውነት ይፈርዳል፤ ከጎረቤቱ ጋራ በስም አይጣላም፤ እርሱም በተራው ለሹመት በበቃ ጊዜ፣ በእጁ የወደቀውን ሰው ከመመዘኑ አስቀድሞ ራሱን ይመዝናል። የቤተ ሰብ ትምህርት ፍሬውም ይኸው ነው።